አንድም ባዶ ጓዳ የለም

በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት የከተማው ጎተራ ለራሱ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ባዶ የሆነ ጓዳ የትኛው ነው? መልሱ ይታተምና ታች አዳራሹ ውስጥ ይለጠፋል። ሊጋቡ ያሰቡና ልጅ የወለዱ ሰዎች እየመጡ ቁጥር ይወስዳሉ። በጥቅምት መጀመሪያ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን ርእስ፣ ቀንና ማኅተም ብቻ ነበር። በመካከላቸው አንድ መስመር ተጽፏል፦ አንድም ባዶ ጓዳ የለም። በኅዳርም እንዲሁ ሆነ። በታኅሣሥም እንዲሁ።

በዚህ ከተማ ሰው ቤቱ የሚያኖረው ዛሬ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሳህን፣ የለበሰውንና ነገ የሚለብሰውን። ሌላው ሁሉ ጎተራው ውስጥ በስሙ በተመዘገበ ጓዳ ይቀመጣል። ሲፈልገው ያዝዛል፣ የጎተራው ተሸካሚ ማሽኖች ያመጡለታል፣ ሲጨርስ መጥተው ይወስዱታል። ቤቶቹ እየጠበቡ ሲሄዱ እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ የተጀመረ ነገር ነበር፤ አሁን ሌላ ዓይነት ኑሮ የሚያስታውሱት አሮጊቶች ብቻ ናቸው።

ጃንጥላ ያዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጃንጥላው የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ለፋሲካ ትልቅ ድስት የሚፈልግ በሆሣዕና ማዘዝ አለበት። ድንገት እንግዳ የመጣበት ቤት ሁለተኛው ወንበር እስኪደርስ ባለቤቱ ቆሞ ያጫውታል፤ ይህም ውሎ አድሮ የአክብሮት ምልክት ሆኗል። ጎተራው በበኩሉ ለዕቃ ባለቤቶች መልእክት ይልካል። «ብርድ ልብስዎ ደኅና ነው። ዛሬ ማታ ይበርዳል።» ወይም፦ «የሠርግ ጫማዎ ከተጠራ ብዙ ዓመት ሆነው። እርስዎስ ደኅና ነዎት?» አብዛኛው ሰው የራሱን ጓዳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ትርሲት የምትሠራው ጎተራው ውስጥ፣ ወርኃዊው ጥያቄ በሚቀርብበት ቢሮ ነው። ጥያቄው የተጻፈው ዛሬ ብዙ ሰው በማያነበው አሮጌ የማሽን ቋንቋ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ያንን ቋንቋ የተማረችው እሷ ተቀጠረች። ትምህርቱን የመረጠችው ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ተማሪዎች ስለነበሩ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ዝርዝሩ ባዶ ሲወጣ ምክንያቱን ለመፈለግ አልቸኮለችም። ለዚህም የራሷ ምክንያት ነበራት። አክስቷ በመስከረም ሲያርፉ ዘመዶች ዕቃቸውን ተካፈሉ፤ ባዶው ጓዳ በትርሲት ስም ዞረ። በጥቅምቱ ዝርዝር ላይ መውጣትና ለሌላ ሰው መሰጠት ነበረበት። አልወጣም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ልታየው ወጣች። አርባኛው ፎቅ ላይ በሯ ተከፈተላት፣ መብራቱ ራሱ በራ። ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ የሆነ ባዶ ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የመደርደሪያው ቦታ ብቻ ደብዝዞ ይታያል። ውጭ በመተላለፊያው ተሸካሚዎቹ ይመላለሳሉ፤ ሰላም አይሉም፣ «ለምን ዝም አልሽ?» አይሉም። ትርሲት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቤት ከእናቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች፤ የሠራተኞቹ ምሳ ቤት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጮህበት ቦታ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳዋን የምትበላው ጓዳዋ ውስጥ ነበር። ጥያቄው ከተስተካከለ ግን ይህ ክፍል በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች።

በታኅሣሥ ወር ሁለተኛ ሳምንት የቢሮው ኃላፊ አቶ ናሆም መጥተው ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሙ።

«ትርሲት፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?»

«እያየሁት ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«ቀስ ብዬ ነው የማየው።»

ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ የነበረችው አንጓች ቀና አለች። አንጓች ታች አዳራሽ መስኮት ላይ ሆና ሰው የምታስተናግድ ናት፤ ወደ ቢሮ የምትወጣው ጉሮሮዋ ሲደርቅ ነው። «እሷ ቀስ ብላ ታያለች፣ እኔ ቀስ ብዬ አረጃለሁ» አለች።

አንጓች በጥር ልትሞሸር ነበር። የጋብቻ መዝገብ ቤት ግን የጋራ ጓዳ የሌላቸውን ሰዎች አይመዘግብም፤ ዕቃቸው በሁለት ጓዳ የተቀመጠ ባልና ሚስት በሕግ ፊት እንግዳና ባለቤት ናቸው።

«አባቴ ሽማግሌዎቹን ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?» አለች አንጓች። «‹ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ እናንተ የጓዳ ቁጥር ስጡኝ።› ሽማግሌዎቹ እስካሁን ቁጥር ፍለጋ ላይ ናቸው። አንደኛው በዚሁ ጉልበቱን ታመመ። ጥር አለፈ ማለት ጾም ገባ፣ ጾም ገባ ማለት ፋሲካን ጠብቂ፣ የእኔ ሰውዬ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሐሳቡን የማይቀይር ዓይነት አይመስለኝም።»

«ይቀይራል ብለሽ ነው?» አለች ትርሲት።

«አይቀይርም። ግን እንዲህ ስል ሰው ይደነግጣል።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ጣቶቿን እያየች፣ «እውነቴን ነው ግን፣ ትርሲትዬ፤ ደክሞኛል» አለች።

ትርሲት በዚያው ጠዋት ሥራውን ከልቧ ጀመረች።

መጀመሪያ ማሽኑን ባዶነቱን በዓይኗ ስላየችው አንድ ጓዳ ብቻ ጠየቀችው፤ ስለ ራሷ። «ይህ ጓዳ ባዶ ነው ወይ?» ስትለው ዝም አለ። «እሺ፣ ተይዟል ወይ?» ስትለውም ዝም አለ። ይህ ትንሽ አስገረማት። ባዶ ካልሆነ ተይዟል ማለት ነበረበት። አንድ ነገር ያሳሰበው ይመስል ነበር።

ጥያቄው የሚሠራው እንዲህ ነው። ማሽኑ ዕቃ ያለባቸውን ጓዳዎች ሁሉ ከዕቃው መዝገብ ላይ ይሰበስባል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጓዳ ወስዶ ከተሰበሰቡት መካከል አለመኖሩን ያያል። ትርሲት የተሰበሰቡትን ለሁለት ከፈለችና በየግማሹ ለየብቻ ጠየቀች። በአንደኛው ግማሽ መልሱ ትክክል ነበር። በሌላኛው አንድም ባዶ ጓዳ የለም። ያንን ግማሽ እንደገና ከፈለችው፣ ከዚያም እንደገና። ምስር እንደመልቀም ነው፤ ድንጋዩ ያለበትን ወገን እያጠበቡ መሄድ። እግረ መንገዷን ብዙ ነገር አየች። በከተማው ውስጥ አንድ ማንኪያ ብቻ የተቀመጠባቸው እጅግ ብዙ ጓዳዎች አሉ። ሰዎች ጓዳቸው ባዶ ተብሎ እንዳይወሰድባቸው አንድ ማንኪያ ያስገቡበታል። ጎተራው ለእነዚህም ሰዎች በትጋት መልእክት ይልካል፦ «ማንኪያዎ ደኅና ነው።»

ከሰዓት በኋላ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ዕቃ፦ ጽዋ፣ ሸክላ፣ ከነክዳኑ። ባለቤት፦ የኪዳነ ምሕረት የእናቶች ማኅበር። የተቀመጠበት ጓዳ፦ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ቦታው ሳይሞላ ቀርቷል።

ነገሩ ገባት። ማሽኑ ስለ እያንዳንዱ ጓዳ ሲጠየቅ ይህን ያልተሞላ መስመር ያያል። ጽዋው የት እንዳለ አልተነገረውም፤ ስለዚህ እዚህ ጓዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስባል። በሚቀጥለውም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ አልተሳሳተም። ሐሜት እንደሚፈራ ሰው፣ ያላረጋገጠውን አልናገርም ነው ያለው። አንድ ሸክላ የት እንዳለ ስላላወቀ በከተማው ውስጥ ስለ አንድም ጓዳ ሊመሰክር አልደፈረም።

በቅጂው ላይ መስመሩን አውጥታ ጥያቄውን ሞከረችው። ቁጥሮች መጉረፍ ጀመሩ፣ ገጽ በገጽ ላይ። የእሷ ጓዳ ከላይ አራተኛው ላይ ነበር። ትርሲት ቁጥሩን ትንሽ አየችው። ቢሮው ውስጥ ይህን ቋንቋ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«አገኘሽ?» አለች አንጓች ከጀርባዋ።

«አንድ ጽዋ» አለች ትርሲት።

አቶ ናሆም ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከዚያ ነገሩን ሲያሰላስሉ ጠቆረ።

«ጥያቄው ራሱ ባዶ መስመሮችን እንዲዘል ማድረግ ይቻላል» አለች ትርሲት። «ሦስት ቃል መጨመር ነው።»

«ጥያቄው አዋጅ ነው፣ ልጄ። ከነነጥቡ ነው የጸደቀው። አንድ ቃል ለመጨመር ምክር ቤት መቀመጥ አለበት፤ ምክር ቤቱ የሚቀመጠው ከፋሲካ በኋላ ነው።»

አንጓች እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«መስመሩን ሰርዢው ልበልሽ?» አሉ አቶ ናሆም።

ከመዝገብ የተሰረዘ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ ተሸካሚዎቹ ካለበት ወስደው ይፈጩታል። ሦስቱም ይህን ያውቃሉ።

«የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ?» አለች አንጓች።

አቶ ናሆም ኮታቸውን አስተካከሉ። «ሰርዢው አላልኩም። ልበልሽ ወይ ነው ያልኩት። ሂጂና የት እንደሚቀመጥ ጠይቂያቸው፤ ቁጥሩን ሙዪና እንገላገል።»

የማኅበሩ ሰብሳቢ ቀበና ውስጥ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እማማ ሶሊያና ይባላሉ። በእሳቸው ትውልድ ያሉ አሮጊቶች ስማቸው እንዲህ ነው፤ ሶሊያና፣ ሃሴት፣ ኤልዳና። የዛሬ ወጣቶች ይህን ስም ሲሰሙ አሮጌ የነጠላ ሳጥን ይሸታቸዋል። ትርሲት ስትደርስ ሌሎች ሁለት የማኅበሩ እናቶችም እዚያው ነበሩ። ወንበሩ አንድ ስለሆነ እማማ ሶሊያና በክብር ቆመው ተቀበሏት፣ እማማ ሃሴትና እማማ ኤልዳና አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረዋል።

ትርሲት ንግግሯን ሊፍት ውስጥ ተለማምዳ ነበር። ግማሹ ጠፋባት። በቀረው ግማሽ የመጣችበትን ተናገረች።

«ያ የመዝገብ ልጅ ነው» አሉ እማማ ሃሴት ወዲያው። ጽዋው በዚያ ወር እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ከአልጋው ራስጌ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይታያል። «በመስከረም መጥቶ የጋራ ዕቃ ሁሉ ይመዝገብ ተብሏል አለን። ‹የት ነው የሚቀመጠው?› አለ። ‹ተራ የደረሳት ቤት› አልነው። ‹ቁጥሩስ?› አለ። ‹ቁጥሩማ የወሩ ተረኛ ናት፤ ዛሬ አንዷ፣ በሚቀጥለው ሌላዋ› አልነው። ልጁን ላብ አጠመቀው። ውኃ ሰጠነውና ሄደ።»

እዚህ ላይ ትርሲት እማማ ሃሴት ለምን ከራሳቸው ቤት ጽዋውን ይዘው እንደመጡ ጠየቀች።

«ቤቴ ነው እንጂ!» አሉ እማማ ሃሴት። «ሶሊያና ናት የእኔ ቤት የመጣችው። ቆማ ስትቀበልሽ የእሷ መሰለሽ?»

«የእኔን በር ነው ያንኳኳችው፣ እኔ ነኝ እዚህ ያመጣኋት» አሉ እማማ ሶሊያና። «ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስትከተለኝ መንገዱን የት ታየዋለች?»

ትርሲት ከአንድ በር ወደ ጎረቤት በር መሻገሯን አሁን አስታወሰች። ጆሮዋ ጋለ።

«እና እንዲህ በይና» አሉ እማማ ኤልዳና፤ «ሦስት ወር ሙሉ ከተማውን ያቆመው የእኛ ጽዋ ነው?»

«አዎ።»

ሦስቱ ተያዩ። የኀፍረት ሳይሆን የሌላ ስሜት ፊት ነበር።

«እኔ ቀላል ነገር እንዳልያዝን ሁልጊዜ እናገር ነበር» አሉ እማማ ሶሊያና።

ትርሲት አንድ ቋሚ ጓዳ እንዲሰጡት ለመነቻቸው። አንዲት ልጅ ሠርጓ በጥር መሆኑንም ነገረቻቸው። እማማ ሶሊያና እስክትጨርስ በትዕግሥት ጠበቁ።

«ስሚኝ፣ የእኔ ልጅ። ጽዋ ዘወትር አንድ ቦታ ከተቀመጠ ዕቃ ነው። ማኅበር የሚሆነው ሲዞር ነው። በወር በወሩ ከአንዷ ቤት ወጥቶ አንዷ ቤት ይገባል፤ እሷ ትደግሳለች፣ እኛ እንሰበሰባለን፣ የታመመች ካለች ይታወቃል፣ የተጣላች ካለች ትታረቃለች። ቁጥር ስጡት ስትይኝ፣ አቁሙት እያልሽኝ ነው።»

«እንደሚዞር ይዙር» አለች ትርሲት። «ግን በየወሩ የተረኛዋ ጓዳ ውስጥ ቢቀመጥስ? ተራ ሲለወጥ ቁጥሩን እኔ እለውጣለሁ።»

«የማን ጓዳ?» አሉ እማማ ኤልዳና። «የእኔ እንደሆነ ማንኪያ አያስገባም። ቢጫ ጀሪካን ብቻ ስንት አለኝ መሰለሽ።»

«ጀሪካን ለምን?»

«ውኃ ቢጠፋስ?»

ውኃ በከተማው ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠፋ ትርሲት አልተወለደችም ነበር። 

«የእኔም የስልክ ቻርጀር ነው» አሉ እማማ ሃሴት። «ስልኮቹ የሉም፤ ቻርጀሩ ግን ይሠራል፣ እንዴት ይጣላል?»

«ጓዳው ቢለቀቅም አይሆንም» አሉ እማማ ሶሊያና። «እዚያ ሰው የለም። ጽዋ ሰው ያለበት ቤት ያድራል እንጂ መጋዘን አያድርም። ይሄ ነው ደንቡ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ትርሲት ተመልሳ «እምቢ አሉ» ማለት ትችላለች፤ ውሸትም አይሆንም። ዝርዝሩ እስከ ፋሲካ ባዶ ሆኖ ይወጣል፣ ጓዳዋም እስከ ፋሲካ የእሷ ይሆናል። አንጓች ጣቶቿን እያየች የተናገረችው ትዝ አላት።

«ሰው ያለበት አንድ ጓዳ አለ» አለች።

«የማን?»

«የእኔ። ባዶ ነው፤ ምንም ዕቃ የለበትም። በምሳ ሰዓት እዚያ እቀመጣለሁ።»

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሦስቱ አሮጊቶች በደንብ አዩዋት።

«ብቻሽን?» አሉ እማማ ሃሴት።

«ብቻዬን።»

«ተጣልተሽ ነው?»

«አይ።»

«የሚያስቸግርሽ ሰው አለ?»

«የለም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ» አሉ እማማ ሃሴት፣ ቃሉን ልክ እንደማያውቁት ምግብ እየቀመሱ። «ምሳሽንስ ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

እማማ ሶሊያና ወደ ሁለቱ ዞሩ። ሦስቱ ድምፅ ሳያሰሙ ተመካከሩ፤ በቅንድብ ብቻ ነበር። «ምሳ የሚበላበት ቤት፣ ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጽዋ ግን በውሰት አይሄድም። የወሰደ የማኅበሩ ሰው ነው፤ ወሩ ሲሞላ ይደግሳል።»

«እኔ መደገስ አልችልም። ሰው ፊት መናገርም አልችልም።»

«አንቺ አብዪን እንጂ ማን ተናገሪ አለሽ? መናገሩን ለሃሴት ተዪላት» አሉ እማማ ኤልዳና። «እሷ እንደሆነ ቄሱንም አታስጨርስ።»

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ጸሎት ተደርሶ ጽዋው ለትርሲት ተሰጠ። አቅፋው ጎተራው ገባች፤ ሊፍት ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳያውቁት ቦታ ለቀቁላት። አርባኛው ፎቅ ላይ የጓዳዋ ወለል መሐል አስቀመጠችው። ወደ ቢሮዋ ወርዳ ያልተሞላውን ቦታ በራሷ ቁጥር ሞላችው። ወዲያው መልእክት ደረሳት፦ «ጽዋዎ ደኅና ነው።»

ጥር አንድ ቀን ጥያቄው ቀረበ። ማተሚያው ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ እስከ ረፋድ ሲሠራ ዋለ። አዳራሹ ሞልቶ ሰልፉ አደባባዩ ድረስ ደረሰ። አንጓች ዐሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጓዳ ደረሳት። ወረቀቱን ይዛ ወደ ቢሮ ወጣችና ትርሲትን ግንባሯን ሳመቻት።

«ሽማግሌዬ አንቺ ነሽ» አለች። «ከእነዚያ ከአባቴ ሽማግሌዎች ይልቅ ጉልበትሽም ደኅና ነው።»

የትርሲት ጓዳ ጽዋ ስላለበት በዝርዝሩ ላይ አልወጣም። ክፍሉ የእሷ እንደሆነ ቀረ፤ ጸጥታው ግን አልቀረም። በመጀመሪያው ሳምንት እማማ ሃሴት «ጽዋውን ልየው ብዬ» መጡ፣ ምሳም ይዘው ነበር። በማግሥቱ እማማ ኤልዳና መጡ፤ ሃሴት ምን ይዛ እንደመጣች ጠይቀው የተሻለ ይዘው ነበር። ከዚያ ትርሲት የማታውቃቸው የማኅበሩ እናቶች በየተራ መምጣት ያዙ። ወለሉ ላይ ከእሷ ጋር ይቀመጣሉ፣ እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ ያላገባችበትን ምክንያት ይጠይቃሉ፣ መልሱን ሳይጠብቁ የራሳቸውን ይነግሯታል። ከዕለታት አንድ ቀን ትርሲት ብቻዋን መሆን አሰኝቷት ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዋ ውስጥ ተደበቀች።

ጥር አሥራ ስድስት ቀን ደገሰች። ጓዳው ስለማይበቃ ማኅበርተኞቹ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ተደረደሩ። ጠላው የእማማ ሶሊያና፣ ዳቦው የእናቷ ነበር፤ ትርሲት የራሷ ያለችው ወጡን ብቻ ነው፣ ጨው በዝቶበታል፣ ተነግሯታልም። ተሸካሚዎቹ መንገድ አጥተው በሁለቱም ጫፍ ተሰልፈው ቆሙ። የግማሽ ከተማ ወንበርና ድስት በዚያ ሰዓት ዘገየ። ጎተራው ለአቶ ናሆም ማስጠንቀቂያ ላከ፦ «አርባኛ ፎቅ ላይ ያልተመዘገቡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ዕቃዎቹ ይዘምራሉ።» አቶ ናሆም ሊያዩ ወጥተው አንድ ጣሳ ጠላ ተሰጣቸው። ማስጠንቀቂያውን የሰረዙት ተቀምጠው ነው።

ቀጣይዋ ተረኛ እማማ ኤልዳና ነበሩ። ከትርሲት ወዲህ ጽዋው የሚቀመጠው በተረኛዋ ጓዳ ስለሆነ ደንቡ አሁን ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ጓዳቸው ውስጥ ለጽዋው ቦታ ማስለቀቅና በየጊዜው ሄዶ አብሮ መቀመጥ። ጓዳቸውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። በድግሱ ዋዜማ ጀሪካን ሊቀንሱ ገብተው ሳይወጡ ዋሉ። ትርሲት ደንግጣ ልትፈልጋቸው ስትሄድ ከጀሪካኖቹ ጀርባ በነበረ የልጆች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ምንም አልሆኑም። «ሂጂ፣ እመጣለሁ» አሏት። ትርሲት ይህን ንግግር ስለምታውቀው በሩን መልሳ ዘጋችው።

ጽዋው እማማ ኤልዳና ጓዳ ገባ። ትርሲት በመዝገቡ ላይ የራሷን ቁጥር አጥፍታ የእሳቸውን ጻፈች።

የካቲት አንድ ቀን ጠዋት ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት አቶ ናሆም ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። ሲናገሩ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር።

«ጓዳሽ አሁን ባዶ ነው፣ አይደል?»

«ነው።»

«ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። አንድ ማንኪያ ነው። እኔ አላየሁም።»

«አውቃለሁ» አለች ትርሲት።

እውነትም አስባበት ነበር። ማንኪያው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ከቤት ስትወጣ ይዛው ወጥታለች። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሰልፍ ግን ስትገባ አይታዋለች። ጥያቄውን አቀረበች። ማተሚያው ተነሣ። ቁጥሯ ከላይ አራተኛው ላይ ወጣ፤ ወረቀቱ ሲወርድ በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችው። በምሳ ሰዓት ያንኑ ማንኪያ ይዛ የሠራተኞቹ ምሳ ቤት ገባች። እዚያ እንደ ወትሮው ሰው ሁሉ ይጮኻል። አንድ ሰው ሳያያት ወንበር ሳበላት።

አንጓች ጫጉላ ላይ ስለነበረች ከሰዓት በኋላ ታች መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ትርሲት ናት። ሰው ፊት መናገሩ እንዳሰበችው አልነበረም፤ ሰዎቹ የሚያዩት እሷን ሳይሆን ወረቀቱን ነው።

ወደ ማታ አንዲት እናት መጣች። ጀርባዋ ላይ አራስ አዝላለች፤ ዓይኗ ካንቀላፋ የሰነበተ ይመስላል። ትርሲት ተራውን አይታ የደረሰውን ቁጥር ጻፈችላት። የትርሲት የራሷ ጓዳ ነበር።

«ለልጅዎ ነው» አለቻት። «አርባኛ ፎቅ።»

«ምን ላስገባበት?» አለች እናቲቱ። «ያለው ሁለት ጨርቅና አንድ ኮፍያ ነው፤ እሱንም ለብሶታል። ባዶ ከሆነ ደግሞ ይወስዱብሻል አሉኝ። ጎረቤቴ ማንኪያ አስገቢበት ብላኛለች።»

«እስከ መጋቢት አንድ ድረስ የሚጠይቅ የለም።»

«እስከዚያ ባዶውን ይቀመጥ?»

ትርሲት ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አላስፈለጋትም፤ ዝቅ ያለ ነው። «በሩ ለእርስዎም ይከፈታል። መብራቱ ራሱ ይበራል፤ ማጥፊያው ከበሩ ኋላ ነው። ግድግዳው ስለማይቀዘቅዝ መደገፍ ይቻላል። ማንም አይመጣም።»

እናቲቱ ቁጥሩን አየችው። «ሰው ይገባበታል እንዴ?»

«ይገባል።»

ሕፃኑ ተነጫነጨና መልሶ ተኛ። እናቲቱ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። ሰልፉን አልፋ ስትሄድ ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። ወደ መውጫው ሳይሆን ወደ ሊፍቱ ነበር።